ቀድሞ የሚመታ ዴክ

ደርባን አቅራቢያ
ጥቅምት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ፣ ለእህቴ ለመሰረት፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጌታ ደጃችሁን ይጠብቅ። ለአባትሽም ለእናትሽም ጉልበታቸውን ስሟል በይልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይ። ስደውል እናቴ ስፒከር ላይ ታደርገኝና የጨለለቅቱ ሰው ሁሉ ይሰማኛል። ስለዚህ በስልክ "ደህና ነኝ" ከማለት ሌላ ወሬ የለኝም። እዚህ አብራን የምትሠራው ዘነቡ ለእህቷ ሰርግ ወደ ዲላ ስለምትመጣ ይህን እሽግ በእሷ ልኬልሻለሁ።

ውስጡ ያለው የጨዋታ ካርድ ነው። ቁማር አይደለም፣ አትደንግጪ። ሁለት ሰው ይጫወተዋል። እያንዳንዱ የሚወደውን ስድሳ ካርድ መርጦ ያሰናዳል፤ ያ ስብስብ ዴክ ይባላል። አንዳንዱ ካርድ መሬት ነው፣ መሬት ጉልበት ይሰጥሻል። በዚያ ጉልበት ተዋጊ ታወጫለሽ፣ እሳት ትወረውሪያለሽ፣ የመጣብሽን ታግጃለሽ። ሁለታችሁም ሃያ ነፍስ ይዛችሁ ትጀምራላችሁ። ነፍሱ ቀድሞ ያለቀበት ተሸነፈ።

ያስተማረኝ ከሱቄ አጠገብ ስልክ የሚጠግን የማላዊ ሰው ነው። እኔ ከብረት ፍርግርጉ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ ሆነን እንጫወታለን። በሩን ለማንም አልከፍትም። ባለፈው ማክሰኞ ከእኛ ሦስተኛው ሱቅ ያለውን ልጅ ከዘረፉት በኋላ አንገቱን በጥይት መትተው ጣሉት። ደሙ በቁልቁለቱ ወርዶ እኛ ደጃፍ ደረሰ። ውኃ ደፋንበትና ጨዋታችንን ቀጠልን። ይህን ለእናቴ አትንገሪ።

ዴክሽን ስትሠሪ ሁለት ቀለም ብቻ ምረጪ፤ ብዙ ቀለም ከቀላቀልሽ የሚያስፈልግሽ መሬት በሰዓቱ አይመጣልሽም። ከስድሳው ሃያ አራት ያህሉ መሬት ይሁን። ከሥራ በኋላ ትዝናኚበት።

ወንድምሽ ሲላስ


ዲላ
ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሲላስ፣

ከሁሉ በፊት ጤናህን እጠይቃለሁ። የምትቆምበትን ደጃፍ ጌታ ይሸፍንልህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። አባዬ ሳሉ ለቆታል። ስለዚያ ልጅ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ውኃ ደፍታችሁ መጫወታችሁን ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ።

እሽጉ ደርሶኛል። ካርዶቹን ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ባለችው ፎቶኮፒ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ገበየሁ እና እኔ ስንመርጥ ዋልን። ገበየሁ የሂሳብ መምህር ነው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ አስቧል፤ እስካሁን ያወቅከው አንተ ብቻ ነህ። የካርዶቹን ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሼ፣ በትንንሽ ወረቀት አትሜ፣ ከየካርዱ ጋር በላስቲክ ውስጥ ከተትኩት። አሁን ማንም ያነበዋል።

የመጀመሪያው ዴኬ ግን ያሳፍራል። ያማረኝን ግዙፍ ሁሉ፣ ዘንዶውንም ባለ ሁለት ራሱንም ከተትኩ። ለመሬት ቦታ ጠበበኝና ቀነስኩ። ግዙፎቹ እጄ ላይ ተደርድረው አንዱንም ሳላወጣ ገበየሁ በትንንሽ አይጦች ነፍሴን ጨረሰው። አጠገባችን ልብስ የምትሰፋው ፍሬ እንኳ አሸነፈችኝ። ርካሽና ቶሎ የሚወጡ ተዋጊዎች ካሉህ ላክልኝ።

አንድ ሰው ደግሞ መጥቶ መቀመጥ ጀምሯል። ሽመክት ይባላል። ከባንኮ ጎቲቲ ቡና የሚያወርዱ መኪናዎችን የሚያገናኝ ደላላ ነው። ሞተሩን በራችን ላይ ያቆምና ይገባል። ጨዋታው ቶሎ ገባው። ሲያሸንፍ ለሁሉም ለስላሳ ያዛል። ሲሸነፍ ካርዱን መሬት ላይ በትኖ ይሄዳል፣ ፍሬ ትለቅማለች። በገንዘብ እንጫወት ሲለኝ እምቢ አልኩት። "እኔን እምቢ የምትል ሴት አላየሁም" አለ፤ እየሳቀ ነው ግን።

እናትህ ድምፅህ ቀጥኗል ትላለች። አሞሃል?

እህትህ መሰረት


ደርባን አቅራቢያ
ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመሲ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ለገበየሁም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሳላየው ወድጄዋለሁ። ምስጢርሽ እኔ ጋ ይቀመጣል።

አላመመኝም። ደብዳቤሽን ግን ራሴ በፋሻ ተጠቅልሎ ነው ያነበብኩት። ቀትር ላይ ሦስት ሆነው መጡብን። አንዱ ዳቦ ጠየቀ። በፍርግርጉ ሳቀብለው እጄን ይዞ ጎተተኝና ግንባሬ ብረቱ ላይ ተፈነከተ። ሌላው ሽጉጡን በቀዳዳው አስገባ። የሱቅ ሸሪኬን ሙሌን ታውቂዋለሽ፤ ከኋላ የፈላ ውኃ ደፋበት። ሰውየው ተኮሰ፣ ጥይቱ የሙሌን ጆሮ ይዞት ሄደ። እኔ ሽጉጥ የያዘውን ክንድ በሁለት እጄ ጨብጬ ብረቱ ላይ ጠመዘዝኩት። ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ። ከተሰበረም በኋላ አልለቀቅኩም። ልጁ እናቱን እየጠራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንም ዝር አላለም። ዴክሽም እንደዚያ ይሁን። ግዙፎቹን አውጪያቸው፤ ግዙፍ ካርድ እጅሽ ላይ ተቀምጦ ስትሞቺ ያይሻል። አሁን የላኩልሽ ትንንሾች ገና በመጀመሪያው ተራ ወጥተው መንከስ ይጀምራሉ። ቀዮቹ እሳቶች ናቸው፤ የሚያግድሽን ያቃጥሉታል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ነፍሱ ላይ ትወረውሪያቸዋለሽ። እያንዳንዱን ካርድ አንሺና "መጀመሪያ እጄ ብትገባ ምን ትሠራልኛለህ?" ብለሽ ጠይቂው። መልስ ከሌለው አውጪው። አሥር ጊዜ ተጫውተሽ አንዴም ያልጠቀመሽንም አውጪው። መሬቱንም ቀንሺ፤ ትንንሾቹ ብዙ አይበሉም።

ያንን ደላላ ከወንበሩ እስኪነሳ ምቺው። በሰው ፊት ይሁን። እንዲህ ያለ ሰው የሚገባው እሱ ብቻ ነው።

ሲላስ


ዲላ
መጋቢት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሲላስ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። የሙሌ ቁስል እንዴት ሆነ? ለእናትህ ምንም አልነገርኩም።

ዴኩ እንዳልከው ሆነ። ማንም አይቋቋመውም። ሰው ሁለት መሬት ሳይዘረጋ ነፍሱ ግማሽ ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ደስ አለኝ። ከዚያ ፍሬ "ተቀምጬ መሞቴን ከምጠብቅ ስፌቴን ልስፋ" ብላ ተነሳች። ተማሪዎቹም ቀሩ። እኔ ራሴ ገና ስጀምር መጨረሻውን ስለማውቀው ሰለቸኝ። ያልሰለቸው ሽመክት ነው። በየቀኑ ይመጣል፣ በየቀኑ ይሸነፋል፣ ስንጨርስ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ይገተራል።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ዓርብ ዕለት፣ ሁለት ሾፌሮቹን ይዞ መጣ። እያዩት አከታትዬ አሸነፍኩት። ሾፌሮቹ መሳሳቅ ጀመሩ። ገበየሁ፣ መቼም ልቡ ደግ ነው፣ ሊያጽናናው ብሎ "መሬት አልመጣልህም እኮ፣ ዕድል ነው" አለው። ሽመክት ሄልሜቱን በቀኝ እጁ አነሳና ፊቱን መታው። ገበየሁ ከነወንበሩ ወደቀ። ደረቱ ላይ ተቀምጦ በሄልሜቱ አፉን ደጋግሞ መታው፣ እንደ ሚስማር። ሾፌሮቹ ሳቃቸውን ትተው ቆመው ያያሉ። እኔ ጀርባው ላይ ተንጠልጥዬ ጆሮውን ነከስኩት፣ አልተሰማውም። ሲደክመው ተነሳ፣ ሄልሜቱን በጨርቄ ጠረገ፣ ወጣ።

ሁለት ጥርስ ከፎቶኮፒው ማሽን ሥር አገኘሁ። መንጋጋው በሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሐዋሳ ወስደን በሽቦ አሰሩለት። በቀሰም ይጠጣል፣ ማስተማር አልቻለም፣ የሚፈልገውን ይጽፍልኛል።

ሽማግሌዎች ገብተው ነገሩ በእርቅ አለቀ። ሽመክት የሕክምናውን ከፈለ፣ ጉልበት ይዞ ይቅርታ ጠየቀ። ዓይኑ ግን ይቅርታ አይጠይቅም።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ደካማ ካርዶች ላክልኝ። ግድግዳ የሚሆኑ፣ ነፍስ የሚመልሱ፣ ቀስ የሚሉ። አንዴ እኔ አንዴ ሌላው የሚያሸንፍበት ዴክ መሥራት እፈልጋለሁ። ፍሬ ተመልሳ እንድትቀመጥ።

እህትህ መሰረት


ደርባን አቅራቢያ
ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመሰረት፣

ሰላምታዬን ተቀበይ። ገበየሁን ጌታ ይማርልን።

የጠየቅሽኝን ካርድ አልላክሁም። ሽማግሌዎቹ የገበየሁን ጥርስ መልሰው ተከሉለት? ቀስ የሚል ዴክ የያዘ ሰው እዚህ አንድ ሳምንት አይቆይም። በዚህ እሽግ ያሉት ካሉኝ ሁሉ የሚብሱት እሳቶች ናቸው። አስገቢያቸው።

ስለ ሽመክት አንቺ አታስቢ። ወንድሜ ዳምጠው ከጨለለቅቱ ብቅ ብሎ ይጠይቃችኋል። አንድ ነገር ከጠየቀሽ ንገሪው።

ሲላስ


ዲላ
ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሲላስ፣

እንደምን አለህ። እኛን እንደምን አላችሁ ብለህ አትጠይቀን።

እናትህ በስልክ "ዳምጠው ታሟል" ያለችህ ውሸት ነው። ዳምጠው ታስሯል።

ሰኔ መግቢያ ላይ መጣ። ገበየሁን አየው። ሲወጣ "ሽመክት የት የት ነው የሚሄደው?" አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አሪቻ እንደሚወጣ ነገርኩት። ለምን እንደጠየቀኝ አልገባኝም ነበር ብዬ አልዋሽህም።

በዚያው ቅዳሜ ዳምጠውና አንድ የማናውቀው ሰው አሪቻ መታጠፊያው ላይ ጠበቁት። ሞተሩን ገፍትረው ጣሉት። ሰውየው አንገቱን በጉልበቱ ተጫነው። ዳምጠው የሽመክትን ቀኝ እጅ ድንጋይ ላይ ዘርግቶ በመዶሻ መታው። ከድልድይ ማዶ ካለ ቡና ማጠቢያ ሠራተኞች ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ መጡ፤ እስኪደርሱ ዳምጠው መምታቱን አላቆመም። ከጣቶቹ ሁለቱ እዚያው ቀሩ። ሌላው ሰውዬ አመለጠ። ዳምጠው መዶሻውን ይዞ ቆሞ ተገኘ። ልብሱ ላይ አስመልሶ ነበር አሉ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሲላስ።

በማግስቱ የሽመክት ወንድም አማኑ ብረት ይዞ ሱቄ ገባ። የፎቶኮፒውን ማሽን አደቀቀው። ካርዶቹን ረገጣቸው። ከዚያ ዞሮ ገበየሁን አየው። ገበየሁ አፉ በሽቦ እንደታሰረ ነው፣ መጮህ እንኳ አይችልም። አማኑ ብረቱን ሲያነሳ እኔ በርጩማውን አንስቼ ማጅራቱን መታሁት። ወደቀ። ደገምኩት። ሦስተኛውን ሳነሳ ፍሬ ከኋላ አቅፋ ያዘችኝ፣ ይዛኝም ስታገላት ነበር። ልጁ ተርፏል። ክንዴ ግን እስካሁን ያን ሦስተኛ ምት ይፈልገዋል። አንተ ከሰበርክ በኋላ ለምን እንዳልለቀቅክ አሁን ገብቶኛል፤ ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳምጠው ለፖሊስ "በራሴ ነው ያደረግኩት" ብሏል። ስጠይቀው መሬት መሬት ያያል። ሽመክትን በሕይወቱ አይቶት አያውቅም። ከሁሉም ቦታ ቀኝ እጁን መምረጥ ከየት መጣለት? ገበየሁ የተመታው በቀኝ እጅ መሆኑን የጻፍኩት ለአንተ ብቻ ነው።

መልስህን እጠብቃለሁ። ካርድ አትላክ።

መሰረት


ደርባን አቅራቢያ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመሰረት፣

ሰላም እልሻለሁ፤ ብትቀበዪኝም ባትቀበዪኝም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወራት አልፏል። ዳምጠው እንደተፈረደበት ከሙሌ ሰማሁ። ልመልስልሽ እየተነሳሁ እቀመጣለሁ።

አዎ፣ እኔ ነኝ። ለዳምጠው ደውዬ "የመታበትን እጅ" አልኩት። "ከባድ ነው" አለኝ። "አንተ ወንድ አይደለህም?" አልኩት። ሌላውን ሰው ያገኘሁለትም እኔ ነኝ። ስሙን ለፖሊስ እናገራለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ሌላ ነገር ስለደረሰ ነው። ያ ክንዱን የሰበርኩት ልጅ ወንድሞች ነበሩት። ባለፈው ወር ከሰዓት በኋላ የማላዊው ጓደኛዬ እንደ ልማዱ ፍርግርጉ ላይ ተደግፎ ካርዱን ይዟል፣ የሱ ተራ ነበር። አራት ሆነው መጡ። እኔን ፈልገው ነው፣ እኔ ውስጥ ነኝ። እሱ ውጭ ነው። በቆንጨራ ትከሻውን አሉት። ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ "ክፈትልኝ" አለኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። "ሲላስ፣ ክፈትልኝ" አለኝ፣ ስሜን ጠርቶ። ጣቶቹን በጣቴ እነካቸው ነበር፣ ያን ያህል ቅርብ ነበር። አልከፈትኩም። እስኪጨርሱት ድረስ አልከፈትኩም። ሲሄዱም አልከፈትኩም። የከፈተው ሙሌ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያ ፍርግርግ አያስተኛኝም። ድርሻዬን ለሙሌ ትቼ ቲኬት ቆርጫለሁ። አዲስ አበባ እንደወረድኩ ቀጥታ ዲላ እመጣለሁ፤ እናቴ ቤት ሳልገባ ፖሊስ ጣቢያ እገባለሁ። ገብቼ ካየኋት አልወጣም፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ለማንም አትንገሪ።

ሲላስ


ዲላ
ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሲላስ፣ ባለህበት ማረሚያ ቤት፣

ይህ ደብዳቤ ሩቅ አይሄድም፣ ከሱቄ በእግር የሚደረስ ነው። ከዳምጠው ጋር አንድ ግቢ መዋላችሁን ጌታ ለመልካም ያድርገው። ጠባቂው ሳያነበው እንደማይሰጥህ ስለማውቅ የምጽፈው ሁሉ እሱም ሊሰማው የሚችለውን ነው።

የዳምጠው ጠበቃ፣ ያንተ ቃል ከገባ በኋላ የሱ ቅጣት እንደሚቀልለት ተስፋ ሰጥቶናል። አይፈታም፣ ይቀልለታል እንጂ። እናትህ መጀመሪያ አንተን አላይም ብላ ነበር። ባለፈው ረቡዕ ግን ሁለት ሳህን ይዛ ከጨለለቅቱ መጣች። "ሁለቱም የኔ ናቸው፣ ለማን ልንፈግ?" አለችኝ። ሳህኑን ሳትበላ አትመልስባት።

ገበየሁ ሽቦው ከወጣለት ቆይቷል። "ሰ" ሲል ያፏጫል፣ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ስቀው አሁን ለምደውታል። ሰርጋችን ጥቅምት ነው።

ካርዶቹን አማኑ ከረገጣቸው በኋላ ለቅሜ፣ ያልተቀደዱትን ጠርጌ አዲስ ዴክ ሠርቼ ነበር። ያኔ የለመንኩህን ዓይነት። ግድግዳዎች፣ ነፍስ የሚመልሱ፣ ብዙ መሬት፣ ያኔ ያስወጣኸኝ ዘንዶም አለበት። እስክታወጣው ይመሻል፤ ከወጣ ግን ደስ ይላል። ፍሬ በእሱ አሸንፋኝ እየዘለለች ወጣች። ከቀዩ ዴክ የከፉትን እሳቶች አወጣሁ፣ ጥቂት ተውኩ። ሁለቱ አሁን ተመጣጥነዋል፤ ማን እንደሚያሸንፍ አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሽመክት መጣ። ሞተር የለውም፣ በእግሩ ነው። ብቻውን ነው። ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶታል። ገበየሁ ማካካሻ ሊያስተምር ትምህርት ቤት ሄዶ ነበር። ፍሬ ስታየው መርፌዋን አቆመች።

"ትጫወቻለሽ?" አለኝ።

ለምን እንደመጣ አልጠየቅኩትም። ሁለቱን ዴክ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩለት። "የቱ ነው እኔን ሲያሸንፈኝ የነበረው?" አለ። ቀዩን አሳየሁት። "እሱን አንቺ ያዢ" አለና ሌላውን ወሰደ።

ካርዶቹን በግራ እጁ ይይዛል፣ አንዱን ለማውጣት በጥርሱ ይስባል። እኔ ግራ እጄ ካርዱን፣ ቀኝ እጄ ከጠረጴዛው ሥር ወረቀት የምቆርጥበትን ካተር ይዟል። ምላጩን እስከ ጫፉ አውጥቼዋለሁ። አንገቱን እያየሁ ነው የተጫወትኩት። ሳወጣ ሳስቀምጥ፣ ያን ሥር አያለሁ።

ብዙ ቆየን። ግድግዳዎቹ ትንንሾቼን ያዙብኝ። ነፍሱን ሳወርድ ይመልሳል። መጨረሻ ላይ ዘንዶው ወጣለት፣ በሚቀጥለው ተራ ነፍሴ ያልቃል። እጄ ላይ አንድ እሳት ቀርታኛለች፣ እሱም የቀረው ነፍስ እሷ የምታጠፋውን ያህል ነው። ልተዋት አሰብኩ። ግን ይገባዋል። ጨዋታውን ያውቀዋል፣ አዝኜለት እንደተውኩት ያውቃል። ጣልኳት።

"አለቀ" አልኩት።

ሽመክት ካርዱን አየ፣ ዘንዶውን አየ፣ ሥሩ ተገተረ። ካተሩን አጥብቄ ያዝኩ። ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ሦስት ጣት ነው ያለው፣ አይታጠፉም፣ ጥፍር የላቸውም። በዚያ እጅ ካርዶቹን ወደ እኔ ገፋቸው። አንዱም መሬት አልወደቀም።

"ድገሚኝ" አለ። "አንቺ በውዢልኝ፣ እኔ አልችልም።"

ካርድ በአንድ እጅ አይበወዝም። ምላጩን አስገባሁት፣ ካተሩን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ የሱንም የኔንም በወዝኩ።

እህትህ መሰረት